የማይርገበገብ ክንፍ

እናቴ አውሮፕላን እንደምትፈራ ያወቅነው ሞጣን በሙሉ «አፉ በሉኝ» ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

በእኛ ዘንድ ሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በፊት ጎረቤቱንም፣ ገበያተኛውንም፣ ዘመዱንም እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል። «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተጠየቀው ሰው «አፉ ብያለሁ» ካለ በሁለቱ መካከል የነበረው ሁሉ አለፈ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሳላውቅ ክንድ ያጎደልኩበት ሰው ይኖር ይሆናል እያለች ማንንም ሳታስቀር ዞረች። ከሱቋ ፊት ለፊት ሱቅ ያላትንና በደንበኛ የተነሳ ለዓመታት የተኳረፈቻትን ሴት ሳይቀር ደጇ ድረስ ሄዳ አፉ በይኝ አለቻት። የጎረቤታችን ቄስ እንኳ በራሳቸው ደንብ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለዋታል። ይህ ሁሉ ተዞሮ ካበቃ በኋላ ነው ታላቅ ወንድሜ ይልመዳት ብሎ በስልኩ ላይ አውሮፕላን ያሳያት።

ምስሉ ከመስኮት ላይ የተቀረጸ ነበር፤ ከሥር ደመና፣ ከጎን ረጅም ክንፍ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ደግማ አስጠጋችው። «ክንፉን መቼ ነው የሚያርገበግበው?» አለች። ወንድሜ ሳቀና አያርገበግብም አላት። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን መለሰችለትና «እንግዲያው እኔ አልሄድም» አለች።

ወንድሜ ይህን በስልክ ሲነግረኝ እኔ ቢቸና ነበርኩ፤ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አብሯት የሚጓዘው እሱ ስለነበር ድምፁ ላይ ጭንቀት ይሰማኝ ነበር። አባታችን የሐጅ ወረፋ ሲጠብቅ ነው የሞተው። የእናቴም ጉልበት ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው፤ ዘንድሮ ካልሄደች ከርሞ በእግሯ መቆሟን እንጃ። ደግሞ ከተማው አፉ ብሎ ሸኝቷታል። አሁን ተመልሳ ሱቋን ብትከፍት ያ ሁሉ ይቅርታ ምን ሊሆን ነው? ለየሰዉ ልትመልስ ነው? ወንድሜ «ፊዚክስ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ነይና አስረጃት» አለኝ። አልዋሽም፣ በኩራት ነው የሄድኩት።

ሞጣ እንደደረስኩ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወረቀት ቀደድኩ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳያት ነገር አለችኝ፦ ወረቀቱን ከንፈሬ ሥር እይዝና በላዩ ላይ እነፋለሁ፤ ወረቀቱ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ቀና ይላል። ክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ ሁሌም «እ!» ይባላል። እናቴ «እ» አላለችም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችውና፣ አውሮፕላኑን ከላይ ሆኖ የሚነፋበት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሚነፋበት የለም፤ ሞተሩ ወደፊት ይገፋዋል፣ ባጃጅ ስትሮጥ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ፊትሽን እንደሚመታሽ ሁሉ ነፋሱ በራሱ ይመጣል አልኳት። ይህን ተቀበለችኝ። «እሺ፣ ነፋሱ መጣ። ነፋስማ ስንት ጊዜ መጥቶብኛል። ገበያ ላይ ሸራዬን ገንጥሎ ወስዷል እንጂ ተሸክሞኝ አያውቅም» አለች።

መጽሐፉ እንደሚለው አስረዳኋት። የክንፉ ጀርባ ጎበጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ በላይ በኩል የሚያልፈው አየር መንገዱ ይረዝምበታል፤ ከሥር ካለፈው ጓደኛው ጋር ከክንፉ መጨረሻ ላይ እኩል ለመድረስ ሲል ይቸኩላል፤ በቸኮለበት በኩል ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከሥር ያለው ግፊት ወደ ላይ ያነሳዋል። ይህን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በፈተና ጠይቄ ነጥብ ሰጥቼበታለሁ፣ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

እናቴ «ከጓደኛው ጋር እኩል መድረስ አለብህ ብሎ ማን ቀጠረው?» አለች።

እውነትም ማን ቀጠረው? ሁለት የአየር ብናኞች ከክንፉ ፊት ተለያይተው ከኋላ ለመገናኘት የሚማማሉበት ምን ምክንያት አለ? ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አንድ ተማሪ እንኳ አልጠየቀኝም? እኔስ ራሴን እንዴት አልጠየቅሁም? እናቴ ግን ያፋጠጠችኝ አልመሰላትም። ርግብ ሲነሳ ክንፉ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ ያን ያህል ታግሎ እንደሚነሳ፣ ያን የሚያህል ብረት ደግሞ ዝም ብሎ ተነሳ መባሉ እንዳልዋጠላት ታወራለች። እኔም ለመርታት ስል ዶሮም እኮ ታርገበግባለች፣ ግን አጥር እንኳ አትሻገርም አልኳት። «እሱማ ይብሳል» አለችኝ። «የምታርገበግበው መሬት ቀርታ፣ የማያርገበግበው ይበራል ነው የምትይኝ?»

ወንድሜ ትዕግሥቱ አልቆ አላህ ካለ ይበራል አላት። «አላህንማ አልጠየቅሁም» አለች እናቴ፤ «የጠየቅሁት ክንፉን ነው።»

ወደ ቢቸና ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተናድጄ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት እኔን ነው። ቤቴ እንደገባሁ ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አወረድኩ፤ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ በስልኬ ፈለግሁ። አንዱ የክንፉ ጀርባ መጉበጥ ነው ይላል። ሌላው አይደለም፣ ክንፉ ፊቱን ቀና አድርጎ አየሩን ወደ ታች ስለሚገፋ አየሩም መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ትክክል ናቸው ካለ በኋላ፣ በጀርባቸው ተገልብጠው የሚበሩ አውሮፕላኖች እንዳሉ ይጨምራል። ጀርባው ወደ ታች ዞሮም የሚበር ከሆነ መጉበጡ ለምን ኖረ? የቀጠሮው ነገር ደግሞ ከነጭራሹ ስህተት እንደሆነ፣ በላይ የሚያልፈው አየር ከሥረኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አነበብኩ። ለምን እንደሚቀድም ያስረዳል የተባለውን ገጽ ሁለቴ አንብቤ ሁለቴም አልገባኝም። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስለ ሙቀት አስተማርኩ፤ ስለ ክንፍ ለማስተማር አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ሁሉ ሳወራ የባዮሎጂው መምህር ሰማኝ። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ሁሉን ነገር ቆርጦ ካላየ የማያምን ሰው ነው። አንድ የበዓል ማግስት ቤቱ ከታረደው አውራ ዶሮ አንዱን ክንፍ ከነላባው በፌስታል ይዞ መጣና የእንግሊዝኛው መምህር ቁርሱን በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የእንግሊዝኛው መምህር ቁርሱን ይዞ ወጣ።

ባዮሎጂው ክንፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ እኔ አያለሁ። ወፉ ክንፉን ወደ ታች ሲመታ ላባዎቹ ተደራርበው እንደሚገጥሙና አየር እንደማያሳልፉ፣ ወደ ላይ ሲመልሰው ደግሞ ክንፉን እንደሚያጥፍና ላባዎቹ እንደሚላቀቁ አሳየኝ፤ ሲመልሰውም እኩል ቢመታ ኖሮ የወጣበትን ያህል ይወርድ ነበር አለ። ወደ ሰውነቱ የቀረበው የክንፉ ክፍል ይሸከማል፣ ጫፉ ደግሞ እየተጠማዘዘ ወደፊት ይቀዝፋል። መብረር ያማራቸው የድሮ ሰዎች መርገብገቡን ብቻ አይተው ክንፍ ሠርተው በክንዳቸው አስረው እያርገበገቡ ከከፍታ ዘለሉ፤ ተሰበሩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው ነገሩ። የተሳካው የወፉን ሥራ ለሁለት ሲከፍሉት ነው፦ መሸከሙን ለክንፍ፣ መቅዘፉን ለሞተር። ይህ ደስ አለኝ። ለእናቴ የምነግራት አንድ የጨበጥኩት ነገር አገኘሁ ብዬ ተነፈስኩ።

«ይችን ደግሞ አየሻት?» አለ። የክንፉ መታጠፊያ ላይ፣ ከፊት ጠርዙ፣ ለብቻዋ የበቀለች ትንሽ የላባ ዘለላ ነበረች። የወፍ አውራ ጣት ናት አለኝ። በጥፍሩ ቀና አደረጋት፤ ከክንፉ ተለይታ ቆመች። ወፉ ሊያርፍ ሲል፣ ፍጥነቱን ሲቀንስ ያነሳታል፤ ያለሷ ቀስ ብሎ ሲመጣ ይወድቅ ነበር። እንዴት አድርጋ እንደምታተርፈው ጠየቅሁት። እሱን አንቺ ንገሪኝ፣ ፊዚክስ ነው አለኝ። ተናደድኩ፤ ደወልም ተደወለ። ክንፉን ማን እንደጣለው አላውቅም፣ ጣቷም ከሐሳቤ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስሄድ ልኳንዳ ቤቱ ጋ እየቆምኩ ጭልፊት ማየት ጀመርኩ። ጭልፊቶቹ ከባሕር ዛፉ ላይ ተነስተው ይዞራሉ፤ አንዳንዴ ያርገበግባሉ፣ አንዳንዴ ዝም ይላሉ፤ መቼና ለምን እንደሚያደርጉት ሕጉን ለማግኘት አንጋጥጬ እቆማለሁ። አገኘሁት ስል ሌላው ጭልፊት ያፈርስብኛል። ልኳንዳ ቤቱ የክርስቲያን ነው፤ ባለቤቱ ከሱ ሥጋ እንደማልገዛ ያውቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ደጁ ላይ መቆሜ ግራ ገባው። አንድ ቀን አላስቻለውም፤ በትሕትና ጠጋ ብሎ የጠፋብኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። አዎ ብዬው ሄድኩ።

ለእናቴ በየሁለት ቀኑ እደውልላታለሁ። የሥራ ክፍፍሉን ነገርኳት፤ ወፍ ለብቻው ሁለት ሥራ ይሠራል፣ አውሮፕላን ግን ተሸካሚው ሌላ ገፊው ሌላ ነው አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ገፊው ቢደክምስ አለች። ቢደክምም ዝም ብሎ ቁልቁል አይወድቅም፣ እንደ አሞራ እየተንሳፈፈ ይወርዳል አልኳት። የት ላይ ነው የሚወርደው አለች። በመጨረሻ ወንድሜን ሳይሆን እኔን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል፣ አዲስ አበባ ድረስ ልሂድና በዓይኔ ልየው፤ ካልጣመኝ እመለሳለሁ አለች። ከዚያ በላይ ቃል አልገባችም።

ከሞጣ የተነሳው አውቶቡስ ቢቸና ሲደርስ ተሳፈርኩ። እናቴ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤ ወንድሜ ከጎኗ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የነጠላዋን ጫፍ እያየሁ ምን እንደምላት አሰላስላለሁ። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ስንጀምር ፊታችን ያለ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ። ሾፌሩ ውረዱ፣ ተናፈሱ አለን። ተሳፋሪው በገደሉ አፋፍ ላይ ተበተነ።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ታች አየች። ከእግራችን ሥር፣ ከገደሉ መሐል አንድ ትልቅ ጥንብ አንሳ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። ጀርባው ይታየናል።

«ከላይ ሆኜ ወፍ አይቼ አላውቅም» አለች።

አሞራው አንዴም አላርገበገበም። በዞረ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ከእግራችን ሥር የነበረው እኩላችን ሆነ፣ ከዚያ አንጋጠን አየነው። ልቤ በደስታ መታ፤ የምፈልገው ምስክር በእግሩ መጣልኝ ብዬ። ከበረሃው የሚነሳው ሙቅ አየር ወደ ላይ እየገፋው እንደሆነ ነገርኳት። አውሮፕላኑም በበረሃ ሙቀት ነው ወይ የሚሄደው አለችኝ። አይደለም፣ እሱ ሞተር አለው አልኳት። ወፉስ ሞተር አለው? የለውም። ታዲያ ሁለቱን ምን አመሳሰላቸው? ይህን ስትለኝ ለመመለስ ጀመርኩ፣ አቆምኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ላይ መጣብኝ፤ መጉበጡ፣ መግፋቱ፣ ተገልብጦ መብረሩ፣ ቀጠሮው። ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል። ሾፌሩ ወደ መኪናው እየተመለሰ ነው። አሁን ካላሳመንኳት አዲስ አበባ ላይ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ።

«እማ፣ ሌላውን ሁሉ ተይው። ክንፉን ብቻ እይ» አልኳት። «ዝም ብሏል አይደል? የአውሮፕላኑም እንደዚያ ነው። ወጥ ብረት ነው። አይታጠፍም፣ አይከፈትም፣ አይነቃነቅም። እንዲያውም ክንፉ እስካልተነቃነቀ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው ማለት ነው።»

«ጫፉ ግን ይንቀሳቀሳል» አለች። እውነትም በአሞራው ክንፍ ጫፍ ላይ ያሉት ረጃጅም ላባዎች እንደ ጣት ተፈራቅቀው አንድ በአንድ ይጠመዘዙ ነበር። እሱ ነፋስ ነው አልኳት።

አሞራውን ተወችና እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር የምታነብ ይመስል ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «እሺ» አለች፤ ወደ አውቶቡሱም ቀድማኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስለ ክንፍ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔም አስረዳሁ ብዬ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው አስረዳሁ ብዬ፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሸኚ ከዚህ አያልፍም ተባልን። አቀፈችኝ። ነጭ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የወንድሜን ክንድ ይዛ ገባች፤ ዞራ አላየችኝም። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ አውሮፕላኖቹ ሲነሱ የሚታዩበት መንገድ ዳር ቆምኩ። የትኛው የሷ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ለተነሳው ሁሉ ዱዓ አደረግሁ። እያንዳንዱን ክንፉን አየሁ። ከታች ሲያዩት በእርግጥም ወጥ ነው፤ አይነቃነቅም። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፣ ግን አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ለራሴም ሊገባኝ አልቻለም።

በሰላም ደርሳ በሰላም ተመለሰች። ሞጣ የአቀባበሉ ቀን ቤታችን ሞላ። ወንዶቹ ዱዓ አድርገው ወጥተው ሴቶቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ከመካ የመጣው የዘምዘም ውኃ በትንንሽ ሲኒ ዞሯል፣ ተምር ታድሏል። እናቴን ሁሉም «ሐጃ» ይሏታል። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ያች የድሮ ኩርፊያዋ፣ ከሁሉ ቀርባ ተቀምጣለች። ስለ ካዕባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰዉ ብዛት ሲጠይቋት በደስታ ትመልሳለች። ከዚያ አንዷ መንገዱስ እንዴት ነበር አለቻት።

እናቴ እኔን ሳታይ ተናገረች። መቀመጫዋ ከክንፉ አጠገብ ነበር። አየር ላይ እንዳሉ ክንፉ እንደ ቀርክሃ ወደ ላይ ለመጥ አለ፤ ጫፉም ተንቀጠቀጠ። ወንድሜን ልትቀሰቅሰው ፈለገች፣ አልነቃም። ይህ ግን ምንም አልነበረም። ሊወርዱ ሲሉ ክንፉ ተፈታ። ከኋላው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ፤ ከፊቱም ጠርዙ ተነጥሎ ወጣ፤ በቁርጦቹ መሐል ምድር ታየች። «ሸሃዳዬን ያዝኩ» አለች፤ ሙስሊም ሊሞት ሲል የሚለውን የእምነት ቃል ማለቷ ነው። «በቃ አለቀ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ ዱብ አለ፤ ደርሳችኋል ተባለ።»

ሴቶቹ ማሻ አላህ አሉ። ባለሱቋ ግን ወደ እኔ ዞረች። «መምህርት፣ የአውሮፕላን ክንፍ ይከፈታል እንዴ?»

አይከፈትም ብል እናቴን በሐጅ ማግስት ውሸታም ማድረጌ ነው። ይከፈታል ብል፣ ታዲያ ገደሉ ላይ ምን ነበር ያልኳት? ደግሞስ መከፈቱን መቼ አየሁት? መጽሐፌ ላይ ያለው ክንፍ አንድ የተዘጋ መስመር ነው፤ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የሣልኩት እሱን ነው። የትኛውን እንደማምን አላውቅም ነበር።

«እኔ ተሳፍሬ አላውቅም» አልኩ፤ «የተሳፈረችው እሷ ናት።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። እናቴ አልሳቀችም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሲኒዎቹን እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታደርቃለች። ያየሽውን እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት። በእጇ አሳየችኝ፤ መዳፏን ዘርግታ ጣቶቿን ወደ ታች አጠፈች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ከመዳፏ ነጠል አድርጋ አቆመችው። አውራ ጣቷን ሳይ ያ የዶሮ ክንፍ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ መጣብኝ። እርጥብ እጄን ሳላብስ ነገርኳት። ልኳንዳ ቤቱ ጋ ጭልፊቱ ሥጋው ላይ ሊያርፍ ሲል ክንፉንም ጭራውንም ይበትናል፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ክንፍ ብዙ ካልተዘረጋ አይሸከምም፤ ያችን ጣትም ያኔ ነው የሚያነሳት፤ ሰዎቹ ከወፍ የተማሩት መርገብገቡን ሳይሆን ይህን ነው። አንቺ ያየሽው ሊያርፍ ሲል ነው፤ ክንፉ ተሰብሮ አይደለም። እየነገርኳት እኔም ገና እየገባኝ ነበር። ቀጠሮውና መጉበጡ ግን ያኔም አልተፈቱልኝም።

እናቴ ሰምታኝ ስትጨርስ «ይኸን ከመሄዴ በፊት ብትነግሪኝ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለች። «የሚፈታታ ክንፍ ላይ ማን ይወጣል?»

ግራ ገባኝ። ታዲያ ያስኬደሽ ያ አይነቃነቅም ያልኩሽ ነው ማለት ነው አልኳት። ሳቀች። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ማን አመነሽ?» አለች። «ያልገባሽን ነገር ስታወሪ ድምፅሽ ይጨምራል። ልጅ ሆነሽም እንዲያ ነበርሽ።»

«ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

ሲኒውን አገላብጣ አደረቀች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች። «ያን ያህል ስትለፊ አየሁሽ» አለች። «ገደል አፋፍ ላይ ቆመሽ ላብ በላብ ሆነሽ። ከአዲስ አበባ ብመለስ ወንድምሽ ምን ሊልሽ ነው፣ ሰዉስ ምን ሊልሽ ነው? የተማረችው ልጇ ማስረዳት አቃታት ሊሉሽ ነው። የሄድኩት ለአላህ ብዬ ነው። አውሮፕላኑ ላይ የወጣሁት ግን አንቺን ብዬ ነው።»

እዚያ ክንፍ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከደመናው በላይ፣ አንድም የነገርኳትን ሳታምን፣ እኔ እንዳላፍር ብላ ስትንቀጠቀጥ ታየችኝ። እኔ ደግሞ ያኔ መንገድ ዳር ቆሜ አስረዳሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞጣን በሙሉ ስትዞር ከእኔ ጋር አፉ አለመባባላችንም ያኔ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ናት ብላ ይሆናል።

«እማ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

«ለምኑ?» አለች።

ገደሉ ላይ ሳላውቅ ስላልኩሽ ነው ብዬ ጀመርኩ። እሷ ግን እስክጨርስ አልጠበቀችም። «አፉ ብያለሁ» ብላ የቀረውን ሲኒ ከእጄ ወሰደች።